ግፊታችንን ጸጉር ቤት እንታከም? (ክርክር)

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ክርክር የመጣው ካለፈው እሁድ ስብሰባ ነው። አንድ ወንድም ተነስቶ "እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ጸጉር ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የደም ግፊት ሕክምና እናስጀምር" አለ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ተቆጣ። ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሮናልድ ቪክተር የሚባል የልብ ሐኪም ነበር፣ ሲዳርስ ሳይናይ የሚሠራ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ ብዙም የማይርቀው ሆስፒታል ማለቴ ነው። ጥቁር ወንዶች ግፊት ክፉኛ ያጠቃቸዋል፣ ክሊኒክ ግን ብዙም አይሄዱም። እሱ እነሱ ወደሚሄዱበት ሄደ። 52 ጸጉር ቤቶች፣ 319 ወንዶች። ሲጀመር የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ150 በላይ ነበር። በአንዱ ወገን ፋርማሲስት ጸጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ ለካ፣ መድኃኒት አዘዘ፣ ተከታተለ። በሌላው ወገን ባርበሩ ብቻ "አኗኗርህን አስተካክል፣ ሐኪም ጋ ሂድ" እያለ መከረ። ከ6 ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ በ27 ወረደ። የሁለተኞቹ በ9። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት አረፈ። እንግዲህ ለእኛስ ይሁን አይሁን? ስድብ የለም።

ባለ ኡበሩ፦ አይሁን ባይ ነኝ፣ ልጀምር። እኔ ጸጉር ቤት የምሄደው ለ40 ደቂቃ ማንም ምንም እንዳይጠይቀኝ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ 165 ከተባልኩ ማታ ፌርፋክስ ላይ ያለው ምግብ ቤት ሁሉ ሰምቶታል፣ በማግስቱ ደግሞ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ልጄን ምን አገኘብኝ" ብላ ታለቅሳለች። የሐበሻ ጸጉር ቤትና ምስጢር አብረው ኖረው አያውቁም!

የድሮ አስተማሪ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል ልጄ።

ባለ ኡበሩ፦ ጋሼ፣ ተረቱ ልክ ነው፣ ግን ለሐኪም አትደብቅ ነው እንጂ ወንበር ለሚጠብቅ ሁሉ ንገር አላለም።

የማታ ነርስ፦ ወንድሜ የምስጢሩን ነገር እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የማየውን ልንገርህ። የምሠራው የማታ ሺፍት ነው። ከእኛ ሰው ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ስትሮክ ከመታው ወይ ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ ነው። አንዱ አልጋ ላይ ተኝቶ "አመመኝ ብዬ አላውቅም እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው። ግፊት አያምም። ሌላው ደግሞ ኪኒን ታዞለት ነበር፣ የሚውጠው ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነው፣ የጠርሙሱ ቀን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ግማሹ አላለቀም። ሌላዋ እግሯ አበጠ ብላ ተወችው። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ኪኒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል፣ ደውላ ብትነግራቸው ይቀይሩላት ነበር። ግን ማን ጋ ትደውል? ቀጠሮዋ ከአራት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ የዚያ ጥናት ቁም ነገር ባርበሩ አይደለም ባይ ነኝ። ሁለቱም ወገን ባርበር ነበረው። ልዩነቱ መድኃኒቱን እዚያው የሚጀምርለት፣ ካልሠራ መጠኑን ከፍ የሚያደርግ፣ ሌላ የሚጨምር ሰው መገኘቱ ነው። "ጨው ቀንስ" ማለትማ ሁላችንም እንችላለን፣ ባለቤቴም ትለኛለች እያላችሁ ነው የምትኖሩት።

የድሮ አስተማሪ፦ እሺ፣ ይህን ከተቀበልን ታዲያ ጥያቄው ይለወጣል። ሐኪም ቤቱ ሥራውን በወጉ ቢሠራ ጸጉር ቤት ለምን ያስፈልጋል? ሀብታሙ ቤቨርሊ ሂልስ ክሊኒክ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይታከማል። ለድሃው ደግሞ "ና ጸጉርህን እየተቆረጥክ" ይባላል። እኔ ይህን ክብር አልለውም። 31 ዓመት ቀረጥ ከፍያለሁ። የምፈልገው ኢንሹራንስ ነው፣ ሐኪም ነው፣ ቋንቋዬን የሚሰማ ሰው ነው። የጸጉር ቤት ሕክምና መንግሥት የራሱን ሥራ በእኛ ወንበር ላይ እንዲያራግፍ ሰበብ ይሆነዋል። ተመልከቱ፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ወረቀት የሌለውንም አዋቂ ሁሉ ሜዲካል ውስጥ፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው በሚሆነው የግዛቷ ኢንሹራንስ ማለቴ ነው፣ አስገባ ተብሎ ተደሰትን። ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ ለአዲስ ተመዝጋቢ ወረቀት አልባ አዋቂዎች በሩ ተዘጋ። ክርክራችን እዚያ ላይ መሆን ነበረበት።

የማታ ነርስ፦ ጋሼ እርስዎ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ኢንሹራንስ ያላቸውም አይመጡም እኮ! ካርዱ ቦርሳቸው ውስጥ አለ።

ፋርማሲ፦ እኔ ሙያው ላይ ያለሁ ነኝ፣ ትንሽ ላብራራ። አንደኛ፣ እነዚያ ፋርማሲስቶች ዝም ብለው ያገኙትን አላዘዙም። ከታካሚው ሐኪም ጋር ስምምነት ነበራቸው፣ በተጻፈ ፕሮቶኮል ነው የሠሩት፣ ደሙንም እዚያው በትንሽ መሣሪያ እየመረመሩ ነው። ደም ውስጥ ያለውን የፖታሲየም መጠን ሳያዩ እነዚህን መድኃኒቶች መጨመር ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ በ9 የወረዱት ምክር ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች ምክሩ ነው ያወረዳቸው ብላችሁ አትደምድሙ። ከፍ ሲልባቸው የተመዘገቡ ሰዎች ደግመህ ስትለካቸው በመጠኑ መውረዳቸው የተለመደ ነው። 27ቱ ግን በዚህ አይገለጽም። ግፊታቸው ከ130 በ80 በታች የገባላቸው በፋርማሲስቱ ወገን ከመቶ 64 ገደማ ነበሩ፣ በሌላው ከመቶ 12። እኔ በሥራዬ እንደዚህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ አላይም።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ማን ይከፍላል? ጥናቱ ሲሆን የምርምር ገንዘብ ነበር። ለተሳታፊዎቹም በየምክክሩ 25 ዶላር ይሰጣቸው ነበር፣ ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ። ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ግን ዛሬም ፋርማሲስትን እንደ ሐኪም ቆጥሮ ለምክክር በቀጥታ አይከፍለኝም። እኔ ቅዳሜዬን በነፃ ልስጥ፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ከዚያስ? ግፊት የሁለት ወር ነገር አይደለም።

ባለ ኡበሩ፦ አያችሁ! 25 ዶላር ከተሰጠኝ እኔም እመጣለሁ 😂

ፋርማሲ፦ ትስቃለህ እንጂ፣ ለመለካት ስትመጣ ሁለት ጉዞ አምልጦህ የሚቀርብህን አስላ። ያ ገንዘብ ጉቦ አይደለም። የሰዓት ሠራተኛን ሳይከሰር እንዲታከም ማድረግ ነው።

ከሐደራ፦ ሰላም ከእስራኤል። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ግን ይህ ነገር እኛ ቤት ቀድሞ ደርሷል። ወላጆቻችን ከኢትዮጵያ ሲመጡ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። ዓመታት ሲያልፉ፣ ነጩ ዳቦና ጣፋጩ መጠጥ ሲለመድ፣ እግራችንም መሄድ ሲያቆም፣ በስኳር በሽታ ከሌላው ሕዝብ በለጥን። እዚህ ሐደራ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል አናት ያፌ የምትባል የስኳር ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተነ ብሪኡት የሚባል ድርጅት ከእኛው ሰዎች ጋር አቋቋመች፣ የጤና መሶብ እንደማለት ነው። በአማርኛ ማስተማር፣ በስልክ ማስተርጎም። ጋሼ ያሉትን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ነው እንግዲህ። አያቴን "በቀን ሁለቴ ከምግብ ጋር" ሲሏት እኮ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምትውጠው፣ በቀን አንዴ ነው የምበላው ብላ፣ ያውም በጾም ማታ። እንዴት ነው የምትበላው ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ እምነት በፕሮጀክት አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚህ አገር የቤተ እስራኤል ሰዎች የለገሱት ደም ተሰብስቦ በድብቅ ሲጣል እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ጮኹ። ከዚያ በኋላ "ክንድህን ስጠኝ" የሚልህን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው እንዴት ነው የምታየው?

የማታ ነርስ፦ እዚህም ያው ነው። አላባማ ውስጥ ተስኬጊ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ጥቁር ወንዶችን ቂጥኝ እንዳለባቸው እያወቁ ሳያክሙ ተመለከቱዋቸው። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳን። ቪክተር ባርበሩን የፈለገው ለዚህ ይመስለኛል። ሰውየው ባርበሩን ለዓመታት ያውቀዋል፣ ምላጭ አንገቱ ላይ እንዲያሳርፍ ፈቅዶለታል።

ባለ ኡበሩ፦ ይሄ እኔን አይመለከተኝም። ተስኬጊ የአሜሪካኖቹ ታሪክ ነው። ጥናቱም የተሠራው በእነሱ ላይ ነው። እኛ እኮ ሌላ ነን።

የድሮ አስተማሪ፦ ፖሊስ ሲያስቆምህ "እኔ ሐበሻ ነኝ" ብለህ ታውቃለህ? ሠራልህ?

ባለ ኡበሩ፦ 😶

ፋርማሲ፦ የእሱም ጥያቄ ተራ አይደለም። ጥናቱ ከ35 እስከ 79 ዓመት ባሉ ጥቁር ወንዶች ላይ ነው፣ ያውም ቢያንስ በየስድስት ሳምንቱ የሚቆረጡ ቋሚ ደንበኞች። መድኃኒቱ ለሐበሻም ይሠራል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ሰዉ ይመጣል ወይ የሚለው ሌላ ነው። የእኛ ሰው መድኃኒት የሚያቆምበት የራሱ ምክንያት አለው። ፀበል ሲጀምር የሚያቆም አለ። አገር ቤት ሲሄድ "አየሩ ይስማማኛል" ብሎ የሚያቆም አለ። የራሱን ቀንሶ ለአባቱ የሚልክም አለ። ይህንን ከእኛ ሌላ ማን ጠይቆ ያገኘዋል?

ሹሩባ፦ ይቅርታ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሴት የሚባል ፍጥረት አልተጠራም! እኛ ግፊት የለብንም እንዴ? በእርግዝና ጊዜ ግፊት አስጨንቆኝ የወለድኩ ሰው ነኝ፣ ከወለድኩ በኋላ አንድ ሰው እንኳን ተከታተዪ አላለኝም። ወንዱ 40 ደቂቃ ነው የሚቀመጠው። እኛ ሹሩባ ስንሠራ አራት ሰዓት እንቀመጣለን፣ ያውም ወሬ ሲያልቅብን። መለኪያውን እዚያ አምጡት።

የማታ ነርስ፦ እቴ በጣም ልክ ብለሻል፣ እኔም ሴት ሆኜ ረሳሁት። በእርግዝና ጊዜ ግፊት የነበረባት ሴት በኋላም የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ሳምንት ተለኪ በናትሽ።

አወያይ፦ ራሱ ባርበሩ እስካሁን ዝም ብሏል። ምን ትላለህ?

ባርበሩ፦ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። እኔ ልናገር የምፈልገው ስለ ቤቴ ነው። አራት ወንበር፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቲቪ። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ አለ። አርሴናል ሲሸነፍ የማንም ግፊት ባይለካ ይሻላል። ቡናም አለ። አምና አንድ ልጅ መለኪያ ይዞ መጥቶ ሰዉን ቆሞ፣ እየሳቀ፣ ሲኒ በእጁ እንደያዘ ለካው። ሁሉም በሽተኛ ሆኖ ወጣ። ሁለቱ ደነገጡ፣ አንደኛው ደንበኛዬ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ስለዚህ በእኔ ቤት ከሆነ በወጉ ይሁን።

የማታ ነርስ፦ ልክ ነህ። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና የለም፣ ሲጋራ የለም። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ። ሁለቴ መለካት። ወሬ የለም። ይሄ የመጨረሻው ሐበሻን ይከብደዋል።

ባርበሩ፦ ሁለተኛ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። "ግፊትህ ስንት ነው" ብዬ አልጠይቅም። "ከኋላ ያለችው ሴትዮ ትለካሃለች፣ ከፈለግህ" ብቻ ነው የምለው። ከኋላ ፎጣ የማስቀምጥባት ክፍል አለች። መጋረጃ ልሰቅል እችላለሁ። ባለ ኡበሩ ስለ ምስጢር ያለው እውነት ነው፣ ወሬ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ አልክድም። ከመጋረጃ በስተኋላ የሆነውን ግን እኔም አላውቀው።

የድሮ አስተማሪ፦ እኔ አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። የመብት ጥያቄው ይቅደም። ግን መጋረጃ ሰቅለህ እንዲያው ባዶ ከሚሆን፣ እኔ ማክሰኞ ጠዋት መጥቼ እቀመጥበታለሁ። ፎርሙን ለማይሞሉት እሞላላቸዋለሁ፣ የሜዲካሉንም ጭምር።

ፋርማሲ፦ እኔ የሐኪም ስምምነት ሳይኖር አንድ ኪኒን አላዝም፣ ይህንን አሁኑኑ እንድታውቁት። መጀመሪያ ፈራሚ ሐኪም ፈልጉ። እስከዚያ ልለካ እችላለሁ፣ የምትውጡትንም ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ኑ፣ አየዋለሁ። 180 በ120 ያገኘሁበትንና የደረት ሕመም ወይ የአፍ መጣመም ያለበትን ግን ምክር የለም፣ 911 ነው።

ባለ ኡበሩ፦ ማክሰኞ ስንት ሰዓት? ለጓደኛዬ ነው።

ሹሩባ፦ ለጓደኛህ። እሺ።

ባርበሩ፦ ጠዋት ከ9 እስከ 11፣ በፈረንጅ ሰዓት፣ ሰው የለም። ኳስም የለም። ቡናውን ከተለካህ በኋላ።