የዌንደል ጆንሰን ስም ከህንጻው ይውረድ ወይስ ይቆይ?

የጨርቆስ ልጅ፦
እስቲ እንከራከር። ዌንደል ጆንሰን በአሜሪካ የንግግር ሕክምና ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ካንሳስ ተወለደ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተብ ነበር። መፍትሔ ፍለጋ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እዚያው ፕሮፌሰር ሆነ፣ በ1965 ሞተ። የዩኒቨርሲቲው የንግግርና የመስማት ማዕከል ህንጻም በስሙ ተሰየመለት። በ2001 ግን አንድ የካሊፎርኒያ ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። በ1939 ተማሪው ሜሪ ቱዶር በሱ መሪነት እዚያው አይዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ካለ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ 22 ልጆች መርጣ ሙከራ ሠርታ ነበር። ስድስቱ ምንም የንግግር ችግር የሌለባቸው ልጆች ናቸው። ለነሱ የተነገራቸው «መንተባተብ ጀምሯችኋል፣ አስተካክላችሁ መናገር ካልቻላችሁ አትናገሩ» የሚል ነው፤ ያውም ለወራት። እኔ ስሙ ይውረድ ባይ ነኝ።

ነገር ወዳድ፦
ቀስ በል ወንድሜ። በዛሬ ሚዛን የ1939ን ሰው አትመዝን፣ ያኔ እንደ ዛሬው ምርምር የሚቆጣጠር የሥነ ምግባር ኮሚቴ አልነበረም። ሰውየው ራሱንም መሞከሪያ አድርጓል፤ ግራኝ ቢሆን መንተባተቡ ይለቀዋል ተብሎ ቀኝ እጁን እስከ ማሳሰር ደርሷል። እምነቱ ደግሞ ግልጽ ነበር፦ ማንኛውም ሕፃን ሲያወራ ይደነቃቀፋል፣ ወላጅ «ይሄማ በሽታ ነው» ብሎ ሲያስጨንቀው ነው ነገሩ የሚጸናበት። ልጁን አታስጨንቁት ማለቱ ክፉ ምክር ነው? በ2002 ሰነዱን እንደገና ያገላበጡ ተመራማሪዎችም ልጆቹ በሙከራው ምክንያት ተብታባ ሆኑ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም።

መምህርት ነኝ፦
ተብታባ ባይሆኑም ዝም አሉ እኮ! ከወር በፊት እንደ ልቧ ታወራ የነበረች የአምስት ዓመት ልጅ አፏን ማስከፈት ከባድ እንደሆነ ቱዶር ራሷ መዝግባለች። ነገሩ ከብዷት ሦስት ጊዜ ተመልሳ ልጆቹን ለማጽናናት ሞክራለች፣ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ለመሆኑ ለምን ወላጅ አልባ ልጆች ተመረጡ? ተው የሚል አባት ስለሌላቸው ነዋ። ያ «እምነቱ» ያልከውም ስንቷን እናት «ልጅሽን ተብታባ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አሰኝቷል! ዛሬ መንተባተብ ከዘር ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንዳለው ይታወቃል፣ በ2010 ተያያዥ ጂኖች ተገኝተዋል።

ተብታባው፦
እኔ እንተባተባለሁ፣ እዚህ የምጽፈውም ለዚህ ነው ሃሃ። ተማሪ እያለሁ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት እያቃተኝ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ጆንሰን የሚፈልገው ነገር ይገባኛል፣ እንዲያውም እንደኛ ያለ ሰው ፕሮፌሰር ሆኖ ስለኛ መጻፉ ያኮራኛል። ሙከራውንም በዘመኑ ሰበብ ልለፍለት እችል ይሆናል። የማልለቅለት ሌላ ነው። የቱዶር ጽሑፍ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለ እሱ ግን ውጤቱን እስኪሞት አላሳተመውም። ልጆቹ አድገው፣ አግብተው፣ አርጅተው ምን እንደተደረገባቸው የነገራቸው የለም። ለዚህኛው የዘመኑ ሰው ነው አይባልም፣ መናገር በየትኛውም ዘመን ይቻል ነበር።

ነገር ወዳድ፦
ዝምታውን በተመለከተ መልስ የለኝም። ግን ዩኒቨርሲቲው በ2001 ይቅርታ ጠይቋል፣ የአይዋ ግዛትም በ2007 ለተጎጂዎችና ለሟች ወራሾች 925 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ በላይ ስም መፋቅ ምን ይጨምራል? ሥራውን ማስተማርህን እንደሆነ አታቆም።

መምህርት ነኝ፦
ማስተማርና ማክበር ለየቅል ናቸው። መጽሐፍ ውስጥ ከነጥፋቱ ይኑር። ልጁን ይዞ ለሕክምና የሚመጣ ወላጅ ግን በዚያ ስም ሥር ለምን ይገባል?

የጨርቆስ ልጅ፦
ስሙ ይቆይና የልጆቹ ታሪክ በሩ ላይ ቢጻፍስ?

ተብታባው፦
መጀመሪያ ከተጎጂዎቹ ቤተሰቦች ይጠየቅ። እስካሁን ስለነሱ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፣ እኛን ጨምሮ።