ከእንግሊዘኛ አድጀክቲቭ (ቅጽል) ናውን (ስም) ማውጣት አቅቶኛል እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ ድሬ ሳቢያን ነው የምኖረው ቀን ሱቅ እሰራለሁ ማታ ደሞ እማራለሁ። ትላንት የቤት ስራዬ ሲመለስልኝ ግማሹ በቀይ ተሰርዟል። የሰው ጸባይ የሚገልጹትን ቃላት ወደ ናውን ቀይሩ ነው የሚለው፣ እኔ ደሞ ካይንድ ካይንድነስ ከሆነ ብዬ ሁሉም ላይ ነስ ለጠፍኩበት፣ በኛ ደግ ደግነት ታማኝ ታማኝነት እንደምንለው መስሎኝ። ኦነስትነስ ያልኩት ለካ ኦነስቲ ነው፣ ፔሸንትነስም ፔሸንስ። (በኛም ለጋስ ልግስና፣ ትሁት ትህትና ነው እንጂ ሁሌ ነት አይደለም፣ ግን እሱን ከልጅነቴ ስሰማው ስላደኩ አላስብበትም።)

ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ባትሪ ደብተሬ ላይ ለየብቻ ስጽፋቸው በኤንት የሚያልቁት ወደ ኤንስ እንደሚሄዱ ገባኝ፣ ኮንፊደንት ኮንፊደንስ፣ ኢንተሊጀንት ኢንተሊጀንስ። ያቃተኝ መጨረሻቸው ላይ ኦ ዩ ኤስ ያለባቸው ናቸው። ጀነረስ ጀነሮሲቲ ይሆናል፣ ነርቨስ ነርቨስነስ፣ ከሬጅየስ ደሞ ጭራሽ መጨረሻው ተቆርጦ ከሬጅ ብቻ፣ አምቢሸስ አምቢሽን! አራቱም አጨራረሳቸው አንድ ሆኖ በአራት መንገድ ሄዱ።

አቦ የምታውቁ ንገሩኝ፣ እነዚህን ቃሉን አይቶ መለየት ይቻላል ወይስ አንድ በአንድ መሸምደድ ነው? ዋይዝ ዊዝደም፣ ፕራውድ ፕራይድ አይነቶቹን እሸመድዳለሁ ችግር የለም። ሐሙስ ፈተና አለኝ፣ ከፈተናው በላይ ደሞ ስለራሴ በእንግሊዘኛ የስራ ማመልከቻ መጻፍ ስለምፈልግ ከልቤ ነው የምጠይቃችሁ።