የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ ሁለተኛው አንቀጽ

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የሕክምና ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን እየተወያዩ እንዲማሩ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለተኛው አንቀጽ «ተማሪዎች በስምንት በስምንት ተከፍለው ይማራሉ» ይላል። ይበቃል ትላላችሁ?

የውስጥ ደዌ መምህርት፦
አይበቃም። ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ የመምህርን ገለጻ ካዳመጠ ያው የአዳራሽ ትምህርት ነው። በቅርቡ የራሴን ክፍለ ጊዜ በድምፅ ቀርጬ አዳመጥሁት። የትንፋሽ ማጠር ያለባትን ታማሚ ታሪክ አቅርቤ «ምን ትጠረጥራላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁና፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ራሴው መለስሁ። ደግሜ ደጋግሜ እንዲሁ አደረግሁ። ተማሪዎቼ የልብ ድካምን ከአስም በምን እንደሚለዩ እስከ መጨረሻው አልሰማሁም። አዝኛለሁ። ስለዚህ አንቀጹ ከተማሪ ቁጥር በፊት የአወያዩን ሥልጠና ያስቀድም፤ ጠይቆ መታገሥ፣ ዝም ያለውን ተማሪ ሳያሸማቅቁ መጋበዝ፣ የተሳሳተውን ሐሳብ ወደ ቡድኑ መልሶ ማስመርመር በልምምድ የሚገኝ ሙያ ነው።

የሕፃናት ሐኪም፦
እስማማለሁ። ተማሪዎች ከአንድ የታማሚ ታሪክ ተነሥተው የሚማሩበት፣ በችግር ላይ የተመሠረተው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲጀመርም የመምህሩ ድርሻ መምራት እንጂ ማስረዳት አልነበረም። ለአንድ የታማሚ ታሪክ ግን ሁለት ስብሰባ ይመደብ። በመጀመሪያው የማያውቁትን ይለያሉ፤ በመካከሉ ለየብቻ ያነብባሉ፤ በሁለተኛው ያነበቡትን ከታማሚው ጋር ያገናኛሉ። የመካከሉ ጊዜ ከተነጠቀ የሚቀረው ግምት ብቻ ነው።

የፊዚዮሎጂ መምህር፦
ለ200 ተማሪዎች 25 አወያይ ከየት ይመጣል? ለቅድመ ክሊኒክ ዓመታት፣ ማለትም ተማሪዎች ታማሚ ማየት ከመጀመራቸው በፊት ላሉት፣ በቡድን ላይ የተመሠረተውን ስልት እንጨምር። ተማሪው አንብቦ ይመጣል፣ አጭር ፈተና ለብቻው ይሠራል፣ ያንኑ ፈተና ከቡድኑ ጋር ተከራክሮ ይደግመዋል፤ ከዚያ ወደ ታማሚ ታሪክ ይሻገራሉ። በአንድ አዳራሽ ብዙ ቡድኖችን አንድ መምህር ማወያየት ይችላል።

የውስጥ ደዌ መምህርት፦
ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። በታማሚ አልጋ ዙሪያ ግን ከአምስት ተማሪ አንለፍ፤ ታማሚውም አስቀድሞ ይጠየቅ፣ እምቢ ካለም ይከበርለት።

የሕፃናት ሐኪም፦
የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሽምደዳን ብቻ ከለካ ተማሪው ውይይቱን ትቶ ማስታወሻውን ይዞ ይቀመጣል። ይህም ይግባ።

አስተባባሪ፦
የአወያይ ሥልጠና አንደኛ አንቀጽ ሆኗል፤ የቡድን መጠኑ እንደ ትምህርቱ ደረጃ ተለይቶ ይጻፋል። የፈተናውን አንቀጽ የሚያረቅልን ማን ነው?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦
እኔ እጽፈዋለሁ። ከሁለት የታማሚ ታሪክ ጥያቄዎች ጋር አያይዤ እልካለሁ።