ያገለገለ ራቭ ፎር ልገዛ ነው፤ ማኑዋል ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ?

ሰላም ለሁላችሁም። መኪና የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ፤ መወሰን አቅቶኛል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና እየፈለግሁ ነው። ያገኘሁት ሁለት የ2004 ሞዴል ራቭ ፎር ነው፤ አንዱ ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል፣ ሌላው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ። ሞተራቸው አንድ ዓይነት፣ ባለ 2 ሊትር ነው።

ልቤ ያደላው ወደ ማኑዋሉ ነው። ወላጆቼ ደብረ ማርቆስ ስለሚኖሩ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት ፍሬን ሳላግል፣ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባም ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ማርሹን ራሴ ብመርጥ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። በየቀኑ ከሽሮ ሜዳ ቦሌ የምትመላለሰው ግን ባለቤቴ ናት። በመኪና መጨናነቅ ውስጥ፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ መቆም እግር ይገድላል ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ሌላው ጭንቀቴ ይህ ነው፦ ማኑዋሉን ስሞክረው ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ፔዳሉ ተለቅቆ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው። ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ሻጩ «ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው» ይለኛል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቆ ይሆን? ሙሉ የፍሪሲዮን ቅያሪ ከነእጅ ዋጋው አሁን ስንት ይፈጃል?

አውቶማቲኩን የምትነዱም ንገሩኝ፤ ዓባይ በረሃን ማርሹን 2 ላይ አድርጋችሁ ስትወርዱ ሞተሩ መኪናውን በደንብ ይይዛል?