የእጩው የውትድርና ታሪክ ሲያወዛግብ እንዴት ነው የሚዘገበው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የአማርኛ ሬዲዮ ዜና አዘጋጃለሁ። ለሚቀጥለው ምርጫ የአዘጋገብ መመሪያ እየጻፍን ነው። በ2024 የዴሞክራቶች የምክትል ፕሬዚዳንት እጩ በነበረው በቲም ዎልዝ የብሔራዊ ዘብ (የተጠባባቂ ጦር) አገልግሎት ላይ የተነሳውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ። ባልደረባዬ «ከሳሹ ይህን አለ፣ ተከሳሹ ያንን አለ ካልን ሥራችን አልቋል» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። በእናንተ ዘንድ እንዴት ይታያል?

መልስ 1

ባልደረባሽ ልክ ነው። ጋዜጠኛ ዳኛ አይደለም። ሁለቱንም አቅርቢና ለአድማጭ ተዪው።

መልስ 2

ልጄ፣ አልተዋጠልኝም ማለትሽ ትክክል ነው። እኔ በቀድሞው ጦር የሻለቃ ጸሐፊ ነበርኩ። የሜዳይ ጥያቄ ስንቱን በታይፕ መትቻለሁ። በ2004 ደግሞ የምኖረው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነበር። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) ያኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

የዚያ ዓመት የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት እጩ ጆን ኬሪ ቬትናም ውስጥ የስዊፍት ጀልባ (የባሕር ኃይል ትንሽ ፈጣን ጀልባ) አዛዥ ነበር። ለጀግንነት ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር፣ ለቆሰለ የሚሰጠውን ፐርፕል ሃርት ደግሞ ሦስት ጊዜ ተሸልሟል። ነሐሴ ላይ በአብዛኛው በሌሎች ስዊፍት ጀልባዎች ያገለገሉ አርበኞች ተሰባስበው ኬሪ ስለ አገልግሎቱ ዋሽቷል የሚል የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጡ። መጀመሪያ የተገዛለት የአየር ሰዓት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ያውም በሦስት ክፍለ ግዛቶች ብቻ፦ ኦሃዮ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊስኮንሲን። አገሩን ሁሉ ያዳረሰው የኬብል ቴሌቪዥን ነው። ማስታወቂያውን እንደ ዜና ደጋግሞ ያሳያል፣ ከዚያ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ አስቀምጦ ያከራክራል። ባልደረባሽ የሚለው አሠራር ማለት ይኸው ነው። ሰው ከዚያ ክርክር የሚይዘው «አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም» የሚለውን ብቻ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሁሉ ይህን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በጣም ነው ያዘንኩት።

አንዱን ነጥብ ብቻ እንይ። መጋቢት 13፣ 1969፣ ባይ ሃፕ ወንዝ። ፈንጂ አንዱን ጀልባ አነሳው። ጂም ራስማን የሚባል የልዩ ኃይል መኮንን ከኬሪ ጀልባ ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ ኬሪ ተመልሶ ጎትቶ አወጣው። ብሮንዝ ስታሩ ለዚህ ነው። ከሳሾቹ «ተኩስ አልነበረም» አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ላሪ ተርሎው፣ በዚያው ቀን የሌላ ጀልባ አዛዥ ነበር፤ እሱም ለዚያው ቀን ብሮንዝ ስታር ተሸልሟል። ዋሽንግተን ፖስት የተርሎውን የሽልማት ወረቀት በመረጃ ነፃነት ሕግ አስወጥቶ ቢያነበው፣ የጠላት ተኩስ እንደነበረ ይናገራል! ተርሎው «ያ የተጻፈው ኬሪ ባቀረበው ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ይሆናል» ሲል መለሰ።

የጸሐፊ ዓይን የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። መልሱ የማይረባ አይደለም። የሽልማት ወረቀት አንድ ሰው ካቀረበው ሪፖርት ይነሳል፣ ጸሐፊ ይመታዋል፣ አለቃ ይፈርማል። እና ጋዜጠኛው ቀጥሎ ማን ነበር እዚያ? ብሎ መሄድ አለበት። በተርሎው በራሱ ጀልባ ላይ የነበረ መርከበኛ ተኩስ እንደነበረ ተናገረ። ውሃው ውስጥ የነበረው ራስማንም እንደዚያው፤ እሱ ደግሞ ሪፐብሊካን ነው። ከ1969 ወዲህ ከኬሪ ጋር ዳግም የተገናኘው በዚያው የምርጫ ዓመት ጥር ወር፣ አይዋ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ይዘሽ «እሱ አለ፣ እሷ አለች» ማለት አድማጭን መበደል ነው።

መልስ 3

ጋሼ፣ ለአንድ ወገን አደሉ። ኬሪ በ1968 የገና ሰሞን ካምቦዲያ ነበርኩ ያለውስ? የራሱ የምርጫ ቡድን አይደል ያለዘበው? የሲቢኤስ ቴሌቪዥንስ በተፎካካሪው በፕሬዚዳንት ቡሽ ላይ የሠራው?

መልስ 2 (በድጋሚ)

ወንድሜ፣ እውነት ነው። የካምቦዲያው ነገር መጠየቅ ነበረበት፣ ተጠይቆም ተስተካክሏል። አንዱ ክስ ትንሽ እውነት ስለያዘ ግን ሌላው እውነት አይሆንም። እያንዳንዱን ለየብቻ ነው መመርመር።

ሲቢኤስን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። መስከረም 8፣ 2004 የጣቢያው ጋዜጠኛ ዳን ራዘር የቡሽን የቴክሳስ የአየር ብሔራዊ ዘብ አገልግሎት የሚነቅፉ ማስታወሻዎች አቀረበ። አለቃው ኪሊያን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፏቸው ናቸው ተባለ። ኪሊያን ሞተዋል፣ የተገኘው ቅጂ እንጂ ዋናው ወረቀት አይደለም። ሰዎች ፊደሉን አይተው ይህ የኮምፒውተር ጽሑፍ ነው አሉ። እኔን ልቤን የነካኝ የኪሊያን ቢሮ ጸሐፊ የነበሩት አሮጊት ናቸው። «እነዚህን እኔ አልመታሁም» አሉ። ይዘቱ ግን ያኔ ይታሰብ ከነበረው ጋር ይመሳሰላል ብለው ጨመሩ። ለማንም ሳያደሉ፣ የሚያውቁትን ብቻ ለይተው ተናገሩ። ጣቢያው እኚህን ሴት ከስርጭቱ በፊት ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ፤ በጥር 2005 አጣሪ ቡድን ሪፖርቱን ሲያወጣ አንዲት አዘጋጅ ተባረረች፣ ሦስት ኃላፊዎች ልቀቁ ተባሉ።

ዎልዝም ላይ በዚሁ ዓይን ነው መሥራት። «ከዘመቻ ሸሸ» ለሚለው፦ 24 ዓመት አገልግሏል፣ በግንቦት 2005 ወጣ። ወደ ኢራቅ ለመዝመት ተዘጋጁ የሚለው ትእዛዝ ለክፍሉ የደረሰው በሐምሌ ነው፤ እንደሚመጣ ግን ቀደም ብሎም ይወራ ነበር። ሁለቱንም ተናገሪ። ኮማንድ ሳጅን ሜጀር ሆኖ ሠርቷል፤ ለማዕረጉ የሚያስፈልገውን ኮርስ ስላልጨረሰ ግን ጡረታ የወጣው ዝቅ ባለው ማዕረግ፣ በማስተር ሳጅንነት ነው። የምርጫ ቡድኑም የሕይወት ታሪኩን ጽሑፍ አስተካክሏል። «በጦርነት የያዝኩት መሣሪያ» ያለው ደግሞ ስህተት ነው፣ ጦር ሜዳ አልዋለም። አየሽ፣ ሦስት ክስ፣ ሦስት የተለያየ መልስ።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልስዎን አትሜ ለባልደረባዬ እሰጠዋለሁ። ግን እንደኛ ያለ ትንሽ ጣቢያ ወረቀቱን ከየት ያገኛል?

መልስ 2 (በድጋሚ)

ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ የጦር አባላት መዝገብ ማዕከል አለ። ሰውየው ባይፈቅድም ማንም ሰው ጠይቆ የአገልግሎት ዘመኑን፣ ማዕረጉን፣ የተመደበበትንና ሜዳዮቹን ማግኘት ይችላል። ጊዜ ይወስዳልና ምርጫው ሳይሞቅ ጻፉ። በ1973 እዚያ እሳት ተነስቶ ብዙ የምድር ጦርና የአየር ኃይል የቆየ ፋይል በልቷል፤ የባሕር ኃይሉ ግን አልተነካም። ስለዚህ እጩው የት እንዳገለገለና መቼ እንደወጣ አስቀድማችሁ አጣሩ። «ፋይል የለም» የሚል መልስ ቢመጣላችሁም የእሳቱን ነገር ሳታጣሩ አየር ላይ አታውሉት።