ሐሰተኛ ፕሮፎርማ ሙላ ስባል እንዴት እምቢ ልበል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ በሽያጭ እሠራለሁ። የቤት ኪራዬም የእናቴ መድኃኒትም የሚሸፈነው በዚሁ ደመወዝ ነው።

ችግሬ ፕሮፎርማ፣ ማለትም ሱቅ ለገዢ ሞልቶ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ነው። የመሥሪያ ቤት ገዢዎች ከሦስት ሱቅ ዋጋ አምጡ ይባላሉ። አንዳንዶቹ ግን ሦስቱንም ከእኛ ይወስዳሉ። በአሠሪዬ መሳቢያ ውስጥ የሌሎች ሁለት ሱቆች ማኅተም አለ። እኔ እስክሪብቶ እየቀያየርኩ፣ የእጅ ጽሑፌን እያጣመምኩ፣ በሁለቱ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ እሞላለሁ። አሸናፊው እኛ እንሆናለን። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ኪዳን አድርሼ ሦስት ሰዓት ላይ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን ይሁን የተባልነው ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ አይመስለኝም።

ዝም አላልኩም። ለአሠሪዬ በግልጽ ነገርኩት። «ገበያው እንዲህ ነው፤ ጾምህን ጹም፣ ሥራህን ሥራ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቴ ስትታመም ያሳከመልኝ እሱ ነው። ይበልጥ የጨነቀኝም ለዚህ ነው። የንስሐ አባቴ «በሐሰት አትጻፍ፣ እንጀራህንም በችኮላ አትድፋ» አሉኝ። ወረቀቱን ለሥራ ባልደረባዬ መስጠት ሞከርኩ፤ ኃጢአቱን ለእሱ ማሻገር ሆነብኝና ተውኩት። ሌላ ሥራ እየፈለግኩ ነው፣ እስካሁን ጠብ ያለ ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ክርስቲያኖች፣ ሌላ ሥራ ሳታገኙ፣ ውለታ የዋለላችሁን አሠሪ ምን ብላችሁ ነው እምቢ ያላችሁት?