እርባታው ውስጥ አሳማዎች እያስወረዱ ነው፤ ነፍሰ ጡር ባለቤቴን ያሰጋታል?

ስደተኛው፦
ሰላም ወገኖች። አዮዋ ውስጥ የአሳማ እርባታ ላይ ነው የምሠራው። (እናቴ አሁንም የላም እርባታ ይመስላታል፤ እንደዚያው ይቆይ።) ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመውለድ የደረሱ አሳማዎች ማስወረድ ጀመሩ። በሕይወት የተወለዱት ግልገሎችም ያለከልካሉ፣ ብዙም አይቆዩ። የእርባታው ሐኪም “ፐርስ ነው” አለን፤ መራቢያንና መተንፈሻን የሚያጠቃ የአሳማ ቫይረስ መሆኑ ነው። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይተላለፍባታል? ደግሞስ አሳማዎቹ ተከትበው የለ እንዴ፣ ለምን ያዛቸው?

የከብት ሐኪም፦
እፎይ በል ወንድሜ፣ ይሄ ቫይረስ ሰው አይዝም። የሚይዘው አሳማን ነው። ሳንባ ውስጥ ዘበኛ ሆነው የሚጠብቁትን ሕዋሳት ስለሚገድል ሌላው ባክቴሪያ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል።

ክትባቱ በሽታውን ያቀልላል እንጂ መያዝን ፈጽሞ አይከለክልም። ቫይረሱ ሲባዛ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይቀይራላ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲታይ ምንነቱ ስላልታወቀ “ምስጢራዊው የአሳማ በሽታ” ነበር የሚሉት። ቫይረሱ የተለየው በ1991 ኔዘርላንድስ፣ ሌሊስታድ ውስጥ ነው። የአውሮፓውና የአሜሪካው ዛሬ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተብለዋል። እንግዲህ አንድ ክትባት ለሁሉም እንዴት ይበቃል?

ቤቲ ከሚኒሶታ፦
ፐርስ ባይዛትም የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ግን ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ይከብዳል። ሻወር ወስደህ፣ የሥራ ልብስህን እዚያው ትተህ ውጣ። ሐኪሟም አንተ የት እንደምትሠራ ይወቅ።

ሌላው፣ አንተ ባትታመምም የፐርሱን ቫይረስ ከአንዱ የአሳማ ቤት ወደ ሌላው ታዞረዋለህ። በቦት፣ በጭነት መኪና፣ በመርፌ። በአንድ መርፌ ስንት አሳማ ነው የምትወጉት?

ስደተኛው፦
ኧረ እሱን አትጠይቂኝ። እስኪደንዝ ነው።

የከብት ሐኪም፦
በሉ ቀይሩት! በደም ይተላለፋል። አዲስ ሴት አሳማ ማስገባትም ይቁም። ብዙ እርባታዎች በራቸውን 200 ቀንና ከዚያም በላይ ይዘጋሉ። የዳነች የምትመስል አሳማ ቫይረሱን ቶንሲሏ ውስጥ ለወራት ይዛ ትቆያለች። ደግሞ ግልገሎቹን ስትኮላሹና ጭራቸውን ስትቆርጡ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ አትድፉት። ላብራቶሪ ቫይረሱን ሊፈትሽበት ይፈልገዋል፤ ከአንድ ከአንዱ ደም ከመቅዳት ይገላግላችኋል።

አባ መላ፦
እኔን የሚገርመኝ ምርምሩ ነው። ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ የሚገባው ሲዲ163 በሚባል ፕሮቲን በኩል ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አሳማዎች አስወለዱ። ከታመሙት ጋር አንድ ጋጣ ቢያስገቧቸውም አልያዛቸውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኤፕሪል 2025 በጂን አርትዖት ፐርስን እንዲቋቋም የተደረገ አሳማ ለምግብነት ፈቅዷል። እናንተ ጋ እስኪደርስ ግን ያው ሻወርና ሳሙና ነው።

ስደተኛው፦
አለቃዬን የመርፌውን ነገር ነገርኩት። “ለእያንዳንዷ አንድ” ብሎ ካርቶን ሙሉ አመጣ። ቦቴን እስከ ዛሬ መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው፤ ከባለቤቴ የሕፃን ዕቃዎች ጎን። አውጥቼዋለሁ።